የፊትና የኋላ ጎማ ብራንዱ ሲለያይ፦ በስፖርት መኪና ላይ እንዴት ይገጠማል?

አንድ ክረምት ለሁለት በሯ መኪናዬ አራት አንድ ዓይነት ጎማ ፈልጌ አጣሁ። የተገኘው ሁለት ብቻ ነው። ለገጣፎ መንገድ ዳር ያለ ጎሚስታ ጋ ወሰድኳት። ልጁ ክሪኩን እያስገባ «ጋሼ፣ አዲሶቹን ፊት ላይ ላድርጋቸው?» አለኝ። መሪው ያለው ፊት ነው ብዬ እሺ አልኩ። በሦስተኛው ቀን አደባባይ ስዞር ካፊያ ጀመረ። ትንሽ ነዳጅ ስሰጣት ጅራቷ ወጣ። ዞራ ፊቷን ወደመጣሁበት አድርጋ ቆመች። ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ አንድ ክንድ ሲቀረው ፍሬን ያዘለት። ልጁ አላጠፋም፤ እኔም አላውቅም ነበር። ማንም እንደዚያ ቀን እጁ እየተንቀጠቀጠ ከመኪና እንዳይወርድ ነው ይህን የምጽፈው።

አራቱም አንድ ብራንድ፣ አንድ ሞዴል ቢሆኑ ይመረጣል። ግን የስፖርት መኪና ጎማ እንደ ቪትዝ ጎማ በየሱቁ አይደረደርም። መቀላቀል የግድ ከሆነ ፊትና ኋላ ይለያይ እንጂ ግራና ቀኝ በፍጹም አይለያይ። ፊት ያሉት ሁለቱ እርስ በርሳቸው መንትያ ይሁኑ፤ ኋላ ያሉትም እንዲሁ። በብራንድ፣ በሞዴል፣ በልክ፣ በጥርስ ጥልቀትም ጭምር። ግራና ቀኝ ከተለያዩ ፍሬን ስትይዙ መኪናው ወደ አንድ ጎን ሊጎትት ይችላል።

መኪናችሁ በአራቱም እግር የሚነዳ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። አንድ ልክ የተጻፈባቸው የሁለት ብራንድ ጎማዎች ዙሪያቸው ትንሽ ሊለያይ ይችላል። ያቺ ልዩነት መሃል ያለውን ዲፈረንሻል፣ ማለትም ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውን ክፍል፣ ያለ እረፍት ታሠራዋለች፣ ታሞቀዋለች። ለእንደዚህ ዓይነት መኪና አራት አንድ ዓይነት እስክታገኙ ጠብቁ።

መጀመሪያ የሾፌሩን በር ከፍታችሁ የተለጠፈውን ወረቀት አንብቡ። ልኩና የአየር መጠኑ እዚያ አለ። አንዳንድ ስፖርት መኪና ኋላው ይሰፋል። ለምሳሌ ፊት 225/40 አር 18፣ ኋላ 255/35 አር 18 ይሆናል። ቁጥሩ ቢለያይም ቁመታቸው 637 እና 636 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። «ይሄም ይገባል» ተብላችሁ ሌላ ልክ ከወሰዳችሁ ይህ ሚዛን ይፈርሳል። ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ኤቢኤስ የጎማዎቹን ዙር እያነጻጸረ ስለሚሠራ እሱም ሊሳሳት ይችላል።

ከልኩ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርና ፊደልም እዩ። 91 ደብሊው ካለ አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ይሸከማል፣ እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይችላል ማለት ነው። 270 የት ልነዳ ነው አትበሉ። ፊደሉ ጎማው ሙቀትን እንዴት እንደሚችል ጭምር ይናገራል፤ ከቱሉ ዲምቱ አዳማ ድረስ በፈጣን መንገዱ ስትወርዱ ይሄ ያስፈልጋችኋል። በሩ ላይ ካለው አትውረዱ።

ዓይነታቸውም ይመሳሰል። ፊት ደረቅ ያለ ስፖርት ጎማ፣ ኋላ ለምቾት የተሠራ ለስላሳ ጎማ ካደረጋችሁ መሪው ቶሎ ይታዘዛል፣ ጅራቱ ዘግይቶ ይከተላል። አየሩ ወጥቶም በባዶው የሚነዳውን ዓይነት (ራን ፍላት) ከተራው ጋር አትቀላቅሉ።

የተመረተበትን ቀን ስታዩ ተጠንቀቁ። ጎኑ ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። 1417 ማለት በ2017 14ኛው ሳምንት የተመረተ ማለት ነው፤ ግን በፈረንጅ አቆጣጠር። በኛ መጋቢት 2009 መጨረሻ ገደማ መሆኑ ነው። 17ን አይታችሁ የቅርብ ነው ብላችሁ ስንት ዓመት መጋዘን የተኛ ጎማ እንዳትገዙ። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ላስቲኩ ደርቋል።

አሁን ዋናው፦ በእርጥብ አስፋልት የተሻለ የሚይዘው ጥንድ ኋላ ይግባ። ብዙ ጊዜ ጥርሱ ጥልቅ የሆነው ነው። የፊቱ ሲንሸራተት መሪው እጃችሁ ላይ ቀለል ይላል፤ እግራችሁን ከነዳጅ ስታነሱ ይመለሳል። የኋላው ሲለቅ ግን ለማሰብ ጊዜ አይሰጥም። በሰኔ መጀመሪያ ካፊያ፣ የበጋው አቧራና ዘይት ገና ሳይታጠብ፣ ገልባጭ መኪና ያንጠባጠበው ጭቃም ሲጨመርበት፣ መንገዱ ሳሙና ነው። ሁለቱም አዲስ ከሆኑ ጎናቸው ላይ ያለውን የትራክሽን፣ ማለትም መንገድ የመያዝ፣ ደረጃ አወዳድሩ። በእርጥብ መንገድ የተለካ ነው፤ ኤኤ ይበልጣል፣ ከዚያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ። የኋላው ከፊቱ አይነስ።

ሲገጠም አጠገቡ ቁሙ። ጎኑ ላይ ቀስት ካለ ወደፊት የሚሽከረከርበትን ያሳያል። የውጭ ጎን የሚል ጽሑፍ ካለ ደግሞ ወደ ውጭ ይታይ። አራቱንም ባላንስ አስደርጉ፤ አላይመንትም አሳዩ። አየሩን ጎማው ሳይሞቅ፣ በራሳችሁ መለኪያ ለኩ። በእግር መትቶ «ልክ ነው» የሚባለውን አትቀበሉ።

አዲስ ጎማ ላዩ ያንሸራትታል፤ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች በእርጋታ ንዱ። ከዚያ ባዶና ሰፊ ግቢ ፈልጋችሁ በ40 ፍሬን ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ግራ ቀኝ አዙሩ። በማለዳ የሱሉልታና የሰንዳፋ መንገድ ላይ አትሞክሩት። እዚያ የሚሮጡ ልጆች አሉ። በዚህ መሃል ቡሎኖቹን አንድ ጊዜ አስጠብቁ።

እኔ በነጋታው እዚያው ጎሚስታ ተመልሼ ጥንዶቹን አቀያየርኩ፤ የመኪናዬ አራቱም ልክ አንድ ስለሆነ ይቻላል። ኋላው ሰፊ ለሆነ መኪና ግን አይሆንም፤ ባለቤቱ የትኛው ብራንድ ኋላ እንደሚገባ ከመግዛቱ በፊት ይወስን። ደግሞ በኋላ እግር የምትነዳ መኪና የኋላውን ቶሎ ትበላለች። ስለዚህ በየወሩ ጥልቀቱን እለካለሁ። ጥርሱ መሃል ያሉት ጉብታዎች ከላዩ ጋር እኩል ከሆኑ 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቷል፤ ያ ጎማ ይወገዳል። የኔን እዚያ እስኪደርስ አልጠብቅም፤ ክረምቱ ሳይገባ ግንቦት ላይ እቀይራለሁ።