ከጅማ ተሳቢ እየጎተትን ስንወጣ የምንሰራቸው ስህተቶች

ሰሞኑን አንዱ ጎረቤቴ መኝታ ያለው ተሳቢ አሰርቼ ልጆቹን ይዤ ልወጣ ነው ብሎ መጣ፣ እሰይ አልኩት፣ ከዛ ግን የጠየቀኝ ስለ ፍራሹና ስለ መጋረጃው ቀለም ብቻ ነው። ስለ ክብደት አንድ ቃል የለም። ሁሉም እንደዚህ ነው የሚጀምረው፣ እኔም ጭምር።

ዋናው ጥፋት እቃ ከኋላ መጫን ነው። በሩ ከኋላ ስለሆነ የመጣው ሁሉ እዛው ይወረወራል፣ ጀሪካኑ፣ ሲሊንደሩ፣ ስኮርታው፣ የአማቴ ረከቦት ከነሙቀጫው። 20 ሊትር ውሃ 20 ኪሎ ነው ወገን! አምስት ጀሪካን ከጎማው ኋላ ደረደርክ ማለት 100 ኪሎ ጅራቱ ላይ ሰቀልክ ማለት ነው፣ ያኔ ፊቱ ይቀልና ጋንቾውን፣ ማለትም ከመኪናው ጋር የሚያያዝበትን መንጠቆ፣ ወደ ላይ ይገፋል፣ የመኪናው የኋላ ጎማ መሬት መያዝ ያቅተዋል። እኔ ይሄን የተማርኩት አበልቲን አልፌ ወደ ጊቤ ድልድይ ስወርድ ነው። መጀመሪያ በስፖኪዮ ሳየው ትንሽ ወዝወዝ አለ፣ ንፋስ ነው አልኩ፣ ቀጥሎ መሪው እጄ ላይ ቅልል አለ፣ ሚስቴ "ያ ረቢ!" ስትል ተሳቢው ግራ ቀኝ እየተወራጨ ነው። ያን ሰዓት ፍሬን ብረግጥ አብረን ነበር የምንገለበጠው። እግሬን ከነዳጅ አንስቼ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ቀስ ብሎ ረጋ። ከዛ ዳር ይዘን ዝንጀሮ እያየን ጀሪካን ስናዟዙር አንድ ሰዓት አለፈ።

ልኩ ቀላል ነው፣ ከተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ጋንቾው ላይ ይረፍ። 800 ኪሎ ከሆነ ከ80 እስከ 120። እቃውን ጭነህ ነው የምትመዝነው፣ ባዶውን አይደለም!

ቁልቁለት ከመጀመርህ በፊት ማርሽ ቀንስ፣ የጋለ ፍሬን አይዝም።

ጎማ ስትገዛ ጥርሱን ብቻ አትይ፣ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች አንብብ፣ 2316 ካለ በፈረንጆቹ 2016 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ ቆሞ የኖረ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ይሰነጠቃል። ጎማው የሚዞርበትን ኩሽኔታም ግራሶ አስደርግ። ጎማው ስር ታኮ ሳታደርግ ደግሞ ተሳቢውን ከመኪናው እንዳትፈታው።

አሁን ወደ ሌላው ስህተት፣ ወደ ከሰሉ። በሼቤ መንገድ በለጤ ጫካ ዳር አርፈን ዝናብ መጣ፣ አማቴ ቡናው ሳይፈላ አይሆንም ብለው ማንደጃውን ወደ ተሳቢው አስገቡት፣ በሩም ብርድ ነው ተብሎ ተዘጋ። "ቀልቷል እኮ፣ ጭስ የለውም" አሉኝ፣ እኔም አማት ናቸው ብዬ ዝም። ቶናው ሳይቀዳ ትንሿ ልጄ ራሴን አለች፣ አስመለሳት። አቅፌያት ወጣሁ፣ ሁሉንም ወደ ዝናቡ አስወጣሁ። የሚገድለው የምታየው ጭስ አይደለም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከሰሉ ፍም ከሆነም በኋላ ይወጣል። አማትህን አክብር፣ ማንደጃው ግን ውጪ፣ ሸራ ወጥረህ።

ክረምቱን እቤትህ ተቀመጥ፣ ከህዳር እስከ ጥር ውጣ፣ ያኔም ቢሆን የኛ አገር ዝናብ ሳይጠራ ይመጣልና ረባዳ ቦታ ላይ አትቁም። ለጎረቤቴም መጋረጃው ቡናማ ይሁን አልኩት፣ የጅማን ጭቃ የሚችለው እሱ ነው።