ማኑዋል ወይስ አውቶማቲክ? የመጀመሪያ መኪና እንዴት እንደሚመረጥ

የመጀመሪያ መኪና ልገዛ ነው ያለ ሰው ምክር አያጣም። ማርሹን በእጁ የሚቀይረው ማኑዋል ነጂ «ማኑዋል ያልነዳ ሹፌር አይባልም» ይላል። አውቶማቲክ ነጂው ደግሞ «በዚህ ሁሉ ትራፊክ ማን ፍሪሲዮን ሲረግጥ ይውላል?» ብሎ ይስቃል፤ ፍሪሲዮን ማለት ማርሽ ሲቀየር በግራ እግር የሚረገጠው ነው። እኔ ሁለቱንም ነድቻለሁ፣ ዘመድ ወዳጅ መኪና ሲገዛም አብሬ ዞሬያለሁ። አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ መኪና ለሚገዛ ሰው የካምቢዮው፣ ማለትም የማርሽ ሳጥኑ፣ ዓይነት ሁለተኛ ጥያቄ ነው። አንደኛው ጥያቄ እፊታችሁ የቆመው መኪና ካምቢዮ ጤነኛ ነው ወይ የሚለው ነው። ስለዚህ ምርጫውን ቶሎ እንጨርስና ጊዜያችንን ለፍተሻው እናውለው።

1. የምትነዱበትን መንገድ አስቡ

ከአያት ወይም ከሰሚት ተነስታችሁ በመገናኛ በኩል ሥራ የምትገቡ ከሆነ፣ ጠዋታችሁ የሚያልቀው በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ነው። ግራ እግር ይዝላል። ጉልበቱን ወይም ወገቡን ለሚያመው ሰው አውቶማቲክ ቅንጦት አይደለም፤ ይግዛ፣ አለቀ።

ዳገቱ ግን ሌላ ሒሳብ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ባለ 1,000 ሲሲ ቪትዝ እዚህ ሲነዳ ከአንድ አምስተኛ በላይ ጉልበቱ የለም ማለት ነው። በዚያ ላይ የድሮው ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ሲጨመርበትና አራት ሰው ጭኖ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው እምብዛም አይሄድም። ያው ሞተር በማኑዋል ይሻላል፤ ማርሹን የምትመርጡት እናንተ ናችሁና። አውቶማቲክ ካማራችሁ 1,300 ሲሲና ከዚያ በላይ ፈልጉ።

«አውቶማቲክ ለበረሃ መንገድ አይሆንም» የሚባለውን ግን አትስሙ። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። ማርሹን ዲ (መደበኛው መንጃ) ላይ ትቶ ፍሬን ብቻ እየረገጠ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይይዝም። መፍትሔው ዝቅ ባሉት ማርሾች፣ በ2 ወይም በኤል፣ ሲቪቲ (ደረጃ ያለው ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ) ከሆነም በቢ ወይም በኤስ መውረድ ነው። ያኔ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዛል። ማኑዋል ነጂ ይህን ከማሰልጠኛ ይዞት ይወጣል። ብዙ አውቶማቲክ ነጂ ግን እነዚያን ፊደሎች ነክቷቸው አያውቅም።

2. ሌላ ማን እንደሚነዳው ጠይቁ

የትዳር ጓደኛ፣ ወንድም፣ ለበዓል ከአሜሪካ የምትመጣ እህት። እዚያ አውቶማቲክ ብቻ የነዳ ሰው ፍሪሲዮን ሲያይ ቁልፉን ይመልስላችኋል።

3. መኪናውን ገዝታችሁ እጃችሁ ላይ ስንት እንደሚቀር ቁጠሩ

ዓመቱና ሞዴሉ አንድ ሆኖ አውቶማቲኩ ብዙ ጊዜ ይወደዳል። ልዩነቱ ግን እዚያ አያቆምም። ማኑዋል ላይ ቶሎ የሚያልቀው የፍሪሲዮን ሸራ ነው። ሸራውን፣ ፕሬዠሩንና ኩሽኔታውን አንድ ላይ መለወጥ ደህና የሰፈር ጋራዥ የሚሠራው ሥራ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲበላሽ ግን ፈቶ የሚጠግን ባለሙያ ጥቂት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሶማሌ ተራ፣ መለዋወጫ ገበያው ውስጥ፣ ያገለገለ ካምቢዮ ተፈልጎ ይገጠማል፤ የተገጠመውም ምን ያህል እንደሠራ የሚያውቅ የለም።

ስለዚህ ያላችሁን ብር ሁሉ ለመኪናው ከፍላችሁ ባዶ እጃችሁን የምትቀሩ ከሆነ ማኑዋል ግዙ። እዚህ ላይ አልደራደርም።

መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ መከልከሉን በጥር 2016 ዓ.ም. አሳውቋል። ገበያው ላይ የምታዩት ማኑዋል እንግዲህ አገር ውስጥ የከረመ ነው፤ ከዓመት ዓመትም እያረጀ ይሄዳል። ኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ፍሪሲዮን የለውም። «ማኑዋል ሳልለምድ ቀረሁ» ብላችሁ ብዙ አትጨነቁ።

4. ሴሚ አውቶማቲኩን ለዩ

ከአውሮፓ የገቡ አንዳንድ ያሪሶች ፍሪሲዮን መርገጫ የላቸውም፤ ደላላውም «አውቶማቲክ ነው» ይላችኋል። የማርሽ ዘንጉን እዩ። ፒ (ማቆሚያ) ከሌለውና ኢ፣ ኤም፣ ኤን፣ አር (የኋላ ማርሽ) ብቻ ካለው አውቶማቲክ አይደለም። ውስጡ ተራ ማኑዋል ካምቢዮ ነው። ፍሪሲዮኑን በእግራችሁ ፈንታ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ይረግጥላችኋል።

የአጎቴ ልጅ ይህን ሳያውቅ ገዛ። ዳገት ላይ ትራፊክ ሲይዘው ፍሬን አይረግጥም፤ ነዳጅ በትንሹ እየሰጠ መኪናውን እዚያው ያንሳፍፈዋል። በዚያ መኪና ላይ ይህ ሸራውን መጥበስ ነው። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ ቀጥሎ መኪናው ማርሽ አልገባም ብሎ መንገድ መሀል ቆመ። ሸራው ከተለወጠ በኋላ ኮምፒውተሩን የሚያስተካክል ሰው ፍለጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ ሆነ። የማኑዋል ወጪ በአውቶማቲክ ዋጋ! እኔ ብሆን በርካሽም አልገዛውም።

5. ካምቢዮውን ፈትኑ

አብዛኛው ገዢ የሚሸወደው እዚህ ነው። ቀለም ያያል፣ ጎማ ይመታል፣ ሞተር አስነስቶ ድምፁን ይሰማል፤ ከዚያ ሰፈሩን በሜዳው አንዴ ዞሮ ቀብድ ይከፍላል። ካምቢዮ በሜዳ አይታወቅም።

መኪናው ሳይነሳ ድረሱ። ለሻጩ «ሳላስነሳው እንዳትነካው» ብላችሁ ቀድማችሁ ንገሩት። ስትደርሱ እጃችሁን ኮፈኑ ላይ አድርጉ። ከሞቀ ሌላ ቀን ጠዋት ቅጠሩት። ብዙ አውቶማቲክ ካምቢዮ በሽታውን የሚያሳየው ቀዝቃዛ ሳለ ነውና አሙቆ የሚጠብቅ ሻጭ ያጠራጥረኛል።

አውቶማቲክ ከሆነ አስነሱትና ፍሬን ረግጣችሁ ከፒ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ አሳልፉት። ማርሹ ከአንድ ከሁለት ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ መያዝ አለበት። ቆይቶ የሚይዝ ወይም ጓ! ብሎ የሚመታ ከሆነ ልብ በሉ። የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ያለው መኪና ከሆነ በነጭ ጨርቅ ጠርጉና እዩት። ቀላ ያለና ንጹሕ ጥሩ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ የሚሸት ከሆነ ውስጡ የነደደ ነገር አለ። ሲቪቲ ላይ ማርሽ ሲቀየር አይሰማችሁም፤ ተፈጥሮው ነው። ስትነሱ የሚንቀጠቀጥ ወይም ፍጥነት ሲጨምር የሚያፏጭ ከሆነ ግን ተዉት።

ማኑዋል ከሆነ ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሙ፣ ከፊት ለፊት ሰው እንዳይቆም አድርጉ። የእጅ ፍሬን አጥብቃችሁ ሦስተኛ ማርሽ አስገቡና ትንሽ ነዳጅ እየሰጣችሁ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። ሞተሩ ተንገጫግጮ መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ ሸራው አልቋል። አንዴ ብቻ ሞክሩት፤ ከደጋገማችሁት ደህናውንም ታቃጥሉታላችሁ። ፍሪሲዮን ስትረግጡ የሚመጣ፣ ስትለቁ የሚጠፋ ድምፅ ኩሽኔታው ነው። ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ስትመልሱ የሚያፋጭ ከሆነ ችግሩ ካምቢዮው ውስጥ ገብቷል፤ ሸራ በመለወጥ አይፈታም።

ከዚያ ማኑዋልም ይሁን አውቶማቲክ መኪናውን ዳገት ላይ ውሰዱት። ቸርችል ጎዳናን ወደ ማዘጋጃ ቤት መውጣት ይበቃል። መኪናው ላይ እናንተ ብቻ ሳትሆኑ ሦስት አራት ሰው ይኑር። ነዳጅ ስትሰጡ የሞተሩ ዙር ከፍ እያለ ፍጥነቱ ካልተከተለ፣ ማኑዋል ላይ ሸራው፣ አውቶማቲክ ላይ ደግሞ ካምቢዮው እየተንሸራተተ ነው። አውቶማቲኩን ትራፊክ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል አቆዩትና አሁንም ከአር ወደ ዲ ቀይሩት። ሲቀዘቅዝ ጤነኛ መስሎ ሲግል የሚይዘው በሽታም አለ።

ሻጩ ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም ካለ ቪትዝ ሞልቷል፣ ሌላ እዩ። የሚያጅባችሁን መካኒክ ራሳችሁ አምጡ፤ ደላላው የጠራውን አትቀበሉ።

6. ከገዛችሁ በኋላ

መጀመሪያ የካምቢዮውን ዘይት ለውጡ። ሻጩ «በቅርቡ ተለውጧል» ቢልም ለውጡ። ለሲቪቲ የራሱ ዘይት አለ። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የሞላበት ጋራዥ ካምቢዮውን ይገድለዋል፤ ዘይቱን ስትገዙ ጣሳው ላይ ሲቪቲ መባሉን አይታችሁ ውሰዱ።

ባትሪ ሲሞት ማኑዋል በሁለተኛ ማርሽ ተገፍቶ ይነሳል፤ አውቶማቲክ አይነሳም። ከሌላ መኪና ባትሪ የሚያስነሳችሁ ገመድ ሻንጣ ውስጥ ይኑራችሁ። አውቶማቲክ መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ በገመድ አታስጎትቱት። ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ሲዞር ዘይቱ ስለማይዘዋወር ካምቢዮው በደረቁ ይሠራል። ቪትዝና ያሪስን የሚነዳቸው የፊት ጎማ ስለሆነ የሚያነሳው ተሽከርካሪ በፊት በኩል አንጠልጥሎ ይውሰዳቸው፤ ሙሉ በሙሉ የሚጭን ከተገኘ ደግሞ የተሻለ ነው።