«ማስረጃው የት አለ?» የተባለው አንቀጽ እንዴት ተስተካከለ

ስለ ውጫሌ ውል የተጻፈ ድርሰት በአንድ ዓረፍተ ነገር ምክንያት «ማስረጃው የት አለ?» ተብሎ ተመለሰ፦ «እንደሚታወቀው ጣሊያን በ1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል አንቀጽ 17 ኢትዮጵያን ሆን ብላ አታለለች።» ዓመቱና የአንቀጹ ቁጥር ሰነድ ገልጦ የሚረጋገጥ ሐቅ ነው። «ሆን ብላ» የሚለው ግን ፍርድ ነው።

መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን መክፈል ነበር። መጀመሪያ ሐቁ፦ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖር ጉዳይ ንጉሠ ነገሥቱ በጣሊያን መጠቀም «ይቻላቸዋል» ይላል የአማርኛው ቅጂ፤ የጣሊያንኛው ደግሞ ለመጠቀም «ተስማምተዋል» ይላል። ከዚያ አስተያየቱ ከነምክንያቱ፦ ጣሊያን በ1882 ዓ.ም. ይህንኑ አንቀጽ ጠቅሳ ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መሆኗን ለአውሮፓ መንግሥታት ስላሳወቀች፣ ልዩነቱ ተራ የትርጉም ስሕተት አይመስልም። «እንደሚታወቀው» የሚለው ቃል ይውጣ፤ ማስረጃ አይተካም።

ምንጭ ሲመረጥ ለውሉ ቃል ሁለቱ ቅጂዎች ይቀድማሉ። የዘመኑ የሮም ጋዜጣ ጣሊያኖች ምን ያስቡ እንደነበር ለማሳየት ይጠቅማል፣ ውሉ ምን እንደሚል ለማስረዳት ግን አይበቃም። አንድ ወጥመድ አለ፦ የውጭ መጻሕፍት 1889 ብለው የሚጽፉት በእኛ አቆጣጠር 1881 ነው። ምንጮቹ ተጋጩ ብሎ አንዱን ከመጣል በፊት አቆጣጠሩ ይታይ።