ከሩጫ ይልቅ ኩኩሉ፦ ትንንሽ ልጆችንና ትልቅ ዝርያ ቡችላን አብሮ ማጫወት

ለገጣፎ፣ ሱሉልታ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ ግቢ ያለው ሰው ሌሊት ጅብ ስለሚዞር ትልቅ ውሻ ይፈልጋል። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው የጀርመን ሼፐርድ ወይም ክልሱ ነው። በሁለት ወሩ ሲገባ ልጅ አቅፎት ይዞራል። በአራት ወሩ ግን 15 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ የአራት ዓመት ልጅ ክብደት ማለት ነው። በስድስት ወሩ 20 ኪሎን ያልፋል። በሁለት ወሩ ሰው ላይ ሲዘል የሚያስቀው ቡችላ በስድስት ወሩ ልጁን ሲሚንቶ ላይ ይዘረጋዋል። ስለዚህ ኋላ የማትፈቅዱለትን ዛሬም አትፍቀዱለት።

ከጨዋታው በፊት መድኃኒቱ ይቅደም። የትል መድኃኒት ከሁለተኛ ሳምንቱ እስከ ሁለት ወሩ በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወሩ በወር አንዴ ይሰጠዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሦስት ወር ሲሞላው ይወጋና ከዓመት በኋላ ይደገማል። ዓይነ ምድሩን በየቀኑ አንሱ፤ ልጆች አፈር ይነካካሉ። በበዓል በግ ሲታረድ ደግሞ ሳንባና ጉበቱን ጥሬውን አትጣሉለት። ውስጡ ያለው የውኃ ቋጠሮ ውሻው አንጀት ሲገባ ትል ይሆናል፣ የትሉ እንቁላል ተመልሶ የልጆች እጅ ላይ ይገኛል። ልጅ ከተነከሰ፣ ቁስሉ ትንሽም ቢሆን፣ በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡት፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። ቅጠል ደቁሶ እያሰሩ ማደር አደገኛ ነው።

አሁን ወደ ጨዋታው። ቡችላ የሚሮጥ ነገር ይከተላል፤ ተረከዝ፣ የሱሪ ጫፍ፣ የሚወዛወዝ ነጠላ ይይዛል። ልጁ ይደነግጥና ይጮኻል፣ እጁን ወደ ላይ ያነሳል፣ ቡችላው እጁን ተከትሎ ይዘላል። ሁለቱም ያጠፉት ነገር የለም፤ ጥፋቱ የጨዋታው ነው። ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱ ቡችላው ታስሮ ወይም ቤት ገብቶ ይቆይ።

ልጆቹን አስቀድማችሁ «ዛፍ» አስተምሯቸው፦ ቀጥ ብሎ መቆም፣ እጅን ደረት ላይ ማጣመር፣ የእግር ጣትን ማየት፣ ዝም ማለት። መጀመሪያ ያለ ውሻ፣ አባት ወይም እናት ቡችላ ሆነው እየዘለሉባቸው፣ ለአንድ ሳምንት በቀን ሦስት ጊዜ ይለማመዱ (ይህን ልጆች ይወዱታል)። ከወደቁ «ድንጋይ» ይሆናሉ፤ ተጠቅልለው ፊታቸውን ወደ መሬት፣ እጃቸውን ማጅራታቸው ላይ። ይህ ሳይጨበጥ ቡችላውን አትፍቱት።

ከዚያ ልጆቹ ራሳቸው የሚያውቁትን ኩኩሉ አምጡ። ለውሻ ከዚህ የሚሻል ጨዋታ አላየንም፤ የሚሠራው አፍንጫው ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም። ጨውም ሽንኩርትም ያልነካው የተቀቀለ ሥጋ በሽምብራ መጠን ቆርጣችሁ ለልጁ ስጡ። አዋቂው ቡችላውን በደረት ማሰሪያው ይይዝና «ኩኩሉ!» ይላል። ልጁ እየተራመደ፣ ሳይሮጥ፣ «አልነጋም» እያለ ከሮቶው ጀርባ ይሄዳል። ሲደበቅ «ነጋ!» ይላል፤ ያኔ ቡችላው ይለቀቃል። መጀመሪያ ድምፁን ተከትሎ ይደርሳል፣ ከቀናት በኋላ በአፍንጫው እያሸተተ ይፈልጋል። ሲደርስ ልጁ ሥጋውን እግሩ ሥር መሬት ላይ ይጥላል፤ በጣቱ አያጉርሰው፣ ምክንያቱም ቡችላ ጣትንና ሥጋን ገና አይለይም። አራት ወይም አምስት ዙር ይበቃል። ገና እያማረው ማቆም ነው።

ይህ ጨዋታ የሚበላሸው ልጁ ሲገኝ እየሳቀ ከተደበቀበት ፈትለክ ሲል ነው፤ ኩኩሉው አባሮሽ ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የተገኘ ልጅ ቁጭ ይላል፣ ቡችላውም ቁጭ ካላለ ሥጋ አይጣልለትም። ትእዛዙ ደግሞ አንድ ይሁን። ሴት ቡችላ ባለበት ቤት አንዱ «ና»፣ ሌላው «ነይ» ሲላት ግራ የምትጋባው እሷ ናት።

የልጆቹ የካልሲ ጨርቅ ኳስ አደገኛ መጫወቻ ነው። ቡችላ ይተረትረዋል፣ ጨርቁን ይውጠዋል፣ አንጀቱ ይዘጋል፤ መጨረሻው ኦፕራሲዮን ነው። ከአፉ የሚሰፋ ጠንካራ ኳስ ይሁን። ባዶ ሃይላንድም ያስደስተዋል፤ ክዳኑን፣ ቀለበቱንና ወረቀቱን አውልቁ፣ መቆራረጥ ሲጀምር ቀይሩት። ከአሮጌ ጂንስ የተጎነጎነ፣ ከ60 ሳንቲ ሜትር የማያንስ ገመድ ለጉተታ ይሆናል፤ ግን «ልቀቅ» ሲሉት ለሚለቅ ቡችላና ከስምንት ዓመት በላይ ለሆነ ልጅ ብቻ።

ጥርሱ ቆዳ ሲነካ አፍንጫውን አትምቱ። ሚጥሚጣ ማብላትም ሆድ ከማቃጠል ሌላ አያስተምረውም። እጅን ሳይመነጭቁ ማርጋት፣ በዝግታ «ተው» ማለት፣ ጀርባ ሰጥቶ 30 ሰከንድ መራቅ። ከተደገመ ደክሞታል ማለት ነው፤ ቡችላ በቀን 18 ሰዓት ገደማ ይተኛል፣ እንቅልፍ ያጣም ይነክሳል። ወደ ቤቱ ይግባ። ቤቱ የራሱ ነው፦ ልጅ እጁን አይሰድም፣ የተኛ ውሻ አይነካም፣ ሲበላም ሳህኑ አይወሰድም። ከአራት እስከ ስድስት ወሩ የወተት ጥርሱ ሲረግፍ ድዱ ያሳክከዋል፤ ረጥቦ ፍሪዘር ውስጥ በረዶ የሆነ ወፍራም ጨርቅ እያያችሁ አስኝኩት፣ ሲላላ ውሰዱት።

ጭራ መቁላት ሁሌ ደስታ አይደለም። ልጁ ሲያቅፈው ድርቅ ካለ፣ ፊቱን ካዞረ፣ ሳይበላ ከንፈሩን ከላሰ ወይም የዓይኑ ነጭ ከታየ በቃኝ እያለ ነው። ሲያጉረመርምም አትቆጡት፤ ማጉረምረም የተከለከለ ውሻ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ልጁን ብቻ አርቁት።

ልጅ አይቀመጥበት፣ እንደ ፈረስም አይጋልበው። የትልቅ ዝርያ የአጥንት ማደጊያ የሚዘጋው ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ነው፤ እስከዚያ ከፍታ ላይ ማዘለል እግሩን ሊያጣምም ይችላል።

«ከልጆች ጋር ከተጫወተ ግቢ አይጠብቅም» የሚል ሰው ይኖራል። ግቢ መጠበቅ የሚጀምረው ሲጎለምስ ነው፤ ልጆቹን የለመደ ውሻ ማን የቤት ሰው፣ ማን እንግዳ እንደሆነ ይበልጥ ይለያል።

ከስድስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ከቡችላው ጋር ብቻውን አይቆይም፣ በር ለመክፈት ለምትሄዱባት ሁለት ደቂቃም ቢሆን። በሩ ሲንኳኳ ልጁን ወይም ውሻውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሁለቱን ከተዋችሁ ግን፣ በሩ ገርበብ ሲል ቀድሞ የሚወጣው ቡችላው ነው፣ ተከትሎት የሚሮጠው ደግሞ ልጁ።