ሞት አፋፍ ላይ ያለ ሰው ስናስታምም የምንሠራቸው ስህተቶች

ነርስ ነኝ። የማስታገሻ ሕክምና የሚከታተሉ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ አያለሁ። አንድ ስህተት ግን በዛብኝ፤ የንስሐ አባትን ማዘግየት።

«አባ ከመጡ ሞቴ ደርሷል ብላ ትደነግጣለች» ይላሉ ልጆች። አንድ ቤት ውስጥ የበኩር ልጅየው የእናቱን ንስሐ አባት ከደጅ መለሳቸው። እናትየው ድምፃቸውን ሰምተዋል። «አባ ናቸው እንዴ?» ብለው ሲጠይቁኝ ልጁ በዓይኑ ዝም በይ አለኝ። በሳምንቱ አንደበታቸው ተያዘ። ያኔ ልጁ ራሱ ሮጦ አባን ይዞ መጣ፤ ግን በምን አፋቸው ይናዘዙ? ለቁርባንም አልሆነም፤ መዋጥ አቅቷቸው ነበር። እባካችሁ፣ አማኝ ሰው የተጣላውን ታርቆ፣ ዕዳውን ተናግሮ፣ ልጆቹን መርቆ ነው መሄድ የሚፈልገው። ይህን ጊዜ አትንጠቁት! የሚያስታውከው ከሆነ ቄሱ ለማቁረብ ይቸገራሉ፤ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ለባለሙያው ንገሩ፣ ለእሱም መድኃኒት አለው። ሙስሊም ቤትም ሸሃዳ የሚያስታውሰው ሰው አጠገቡ እንዳይጠፋ።

ለጀማሪ ባለሙያዎች ደግሞ፦ ውጤት ኮሪደር ላይ ቆሞ አይነገርም። እኛ አገር መርዶ እንኳ ማልዶ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚረዳው። በመጀመሪያ ታማሚውን «ስለ ሕመምዎ ማወቅ ይፈልጋሉ? ማን አብሮዎት ይስማ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ለታላቅ ወንድሜ ንገሩት» ካለም መልሱ እሱ ነው፣ አክብሩለት።

ሞርፊን የሚባለው ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ተጀመረ ማለት አለቀለት ማለት አይደለም። ሽሮፑ ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ሲሰጥ ሕመም ያስታግሳል እንጂ ሰው አይገድልም። ብዙ ጊዜ በየ4 ሰዓቱ ነው የሚታዘዘው። «ሲያመው እንሰጠዋለን» ብላችሁ ሰዓቱን አታሳልፉ። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻም ይታዘዝለት። በስቃይ የሚንፈራገጥ ሰው እንዴት አድርጎ ይናዘዛል?

ጸበሉን ከፈለገ ይጠመቅ፤ መድኃኒቱን ግን አታቋርጡ።

መዋጥ ያቃተውን ሰው በአጥሚት አታስጨንቁት። ወደ ሳንባው ይገባል። ከንፈሩን በንጹሕ ጨርቅ ማርጠብ ይበቃል።

የኑዛዜው ነገርም አለ። «አባባ ቤቱን ለእኔ ብሏል፣ ሁላችሁም ሰምታችኋል» እየተባለ ከአርባው በፊት ፍርድ ቤት የቆሙ ወንድማማቾች አይቻለሁ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቃል ኑዛዜ 2 ምስክር ያስፈልገዋል፤ የሚሠራውም ለቀብር ትእዛዝ፣ እያንዳንዳቸው ከ500 ብር ላልበለጡ ስጦታዎችና ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆች ጉዳይ ነው። ቤት በዚህ አይተላለፍም። ተናዛዡ ከ3 ወር በኋላም በሕይወት ካለ ደግሞ ኑዛዜው ዋጋ ያጣል። ስለዚህ ሰውየው አእምሮው ሳይደክም ይጻፍ። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በ4 ምስክሮች ፊት ይነበባል፣ ተናዛዡም ምስክሮቹም እዚያው ይፈርማሉ። መነበቡና ቀኑ ወረቀቱ ላይ መስፈር አለባቸው፤ ይህችን አንድ መስመር ረስተው ኑዛዜያቸው የፈረሰባቸው አሉ።

በመጨረሻም «አገሬ ገብቼ ልሙት» የሚል ሰው ካለ፣ መንገዱን የሚችልበት አቅም ሳለው ይነሳ። ባለሙያዎች፣ ባዶ እጁን አትሸኙት። ለመንገዱም ለቤቱም የሚበቃ ማስታገሻ፣ እንዴት እንደሚሰጥ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት፣ እዚያ ላለው ጤና ጣቢያም ደብዳቤ አስይዙት።