«ትንሽ ውሃ ጨምርበት» እና ሌሎች ቤት የሚጎዱ ቃላት

አደጋ ቤታቸውን ለወሰደባቸው ቤተሰቦች ቤት የሚሠሩ ቡድኖችን ሳስተባብር ዓመታት አልፈዋል። አደጋው ይለያያል፤ ጎርፍ፣ እሳት፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ አውሎ ነፋስ። ቡድኑ ግን ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። ግማሹ ኮምፒውተር ላይ ቤት የሣለ፣ አካፋ ግን ጨብጦ የማያውቅ ተማሪ ነው። ሌላው ግማሽ ቅዳሜና እሁዱን የሰጠ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ነርስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር። ልባቸው ንጹህ ነው። ለዚህ ነው ሲያጠፉ ለመቆጣት የሚከብደኝ።

ስህተቶቹን የማውቃቸው በሚነገሩበት ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ሰው ከኋላዬ ያችን ቃል ሲላት፣ ዞር ሳልል ምን ሊመጣ እንደሆነ አውቃለሁ።

«ትንሽ ውሃ ጨምርበት»

ኮንክሪቱ በአካፋ እየተቦካ ነው። ስድስት ሰዓት ሆኗል፣ ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ክንድ ዝሏል። አንዱ ባልዲ ይዞ ይመጣል። ውሃው ሲገባ ውህዱ ይላላል፣ አካፋው ይቀላል፣ ሁሉም ፈገግ ይላል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እዚህ ጋ በደንብ ይሠራል።

ሲሚንቶ ለመጠንከር የሚፈልገው ውሃ የራሱን ክብደት ሩብ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለማቡካት እንዲመች የሚጨመር ነው። ለ50 ኪሎ ከረጢት 25 ሊትር አካባቢ ይበቃል፤ አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀነሳል። የተረፈው ውሃ በኋላ ተንኖ ይወጣና የነበረበት ቦታ ጥቃቅን ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። አካፋው በቀለለ ቁጥር ኮንክሪቱ ደከመ ማለት ነው። ከበዳችሁ? እረፍት ውሰዱ፣ ሰው ቀይሩ፣ ትንሽ ትንሽ አቡኩ። ባልዲውን ግን አርቁልኝ።

የዚህ ስህተት ታናሽ ወንድም «ደርቋል» የሚለው ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው ስለደረቀ አይደለም፤ ውሃ ስላላጣ ነው። ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። መሐንዲሱ የሚቆጥረው ጥንካሬ በ28ኛው ቀን የሚለካው ነው። የበጎ ፈቃድ ቡድን ግን እሁድ ሙሌቱን ይጨርሳል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይበተናል። ሰኞ ማን ያጠጣል? ማክሰኞስ? አንድ ጊዜ ሁላችንም «ጎረቤት ያጠጣዋል» ብለን ሄድን። ጎረቤቱ ስለ ጉዳዩ የሰማ ነገር አልነበረውም። አሁን ከሰኞ እስከ እሁድ የአጠጪዎቹ ስም በወረቀት ካልተሰጠኝ ሙሌት አልፈቅድም። ግትር ይሉኛል። ልክ ናቸው።

«ሁላችሁም ኑ!»

አርባ ሰው፣ አምስት መዶሻ። ሠላሳ አምስቱ ቆሞ ያወራል፣ ከዚያ ይሰለቸዋል፣ ከዚያ በራሱ ተነሳሽነት አንድ ነገር ይጀምራል። የምፈራው ይሄን ነው። ለአንድ ባለሙያ ከስድስት ሰው በላይ አልሰጥም። የተረፈው ሌላ ቅዳሜ ይምጣ።

«ይሄን አዲስ ነገር እዚህ እንሞክረው»

እዚህ ላይ ልቆጣ ነው፤ ታገሱኝ።

«ዘላቂ ቤት» ሲባል የተማሪ ዓይን ያበራል። የጠርሙስ ግድግዳ፣ ሣር የሚበቅልበት ጣራ፣ ውሃ የማይፈልግ መጸዳጃ፣ በስልክ የሚታዘዝ መስኮት። ሁሉም በአንድ ቤት፣ ሁሉም በአንድ ሴሚስተር። ለምን እዚህ ብዬ ስጠይቅ «ዕድሉን ስላገኘን ነው ጋሼ» ይሉኛል።

የማን ዕድል? ገንዘብ ያለው ሰው ሙከራ ቢከሽፍበት ሌላ ባለሙያ ይጠራል። ይሄ ቤተሰብ አንድ ቤት ከነዕቃው አጥቷል። የቆጠበውንም ጨርሷል። ግድግዳው ቢሰነጠቅ የሚጠራው ሰው የለውም፤ እናንተም ያኔ ተመርቃችሁ ሄዳችኋል። የመጀመሪያውን ቤት አደጋ ወሰደው። ሁለተኛውን የዲዛይን ኮርስ እንዲወስደው ነው? ሙከራ የሚደረገው በትምህርት ቤታችሁ ግቢ ነው፤ ቢወድቅ የሚያፍረው ሠሪው ብቻ በሆነበት ቦታ። አንድ ግድግዳ እዚያ ሠርታችሁ ሁለት ክረምት አሳልፉት። ከዚያ ኑና እንነጋገር። «ሴሚስተሩ ያልቃል» ትሉኛላችሁ። ይለቅ! ቀጣዩ ባች ይረከባችሁ።

ይሄ የተማሪ ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ከመታ በኋላ ተዋናዩ ብራድ ፒት በ2007 አንድ ድርጅት አቋቋመ። 150 ቤት ታቀደ፣ ስመ ጥር አርክቴክቶች ሣሉ፣ 109 ያህሉ ተሠራ። ኃይል ቆጣቢ ቤቶች ነበሩ፤ ሐሳቡም መልካም ነበር። ግን በመስታወት ውህድ የታከመ አዲስ ዓይነት እንጨት ተጠቀሙ፤ በጥቂት ዓመት ውስጥ በሰበሰ። ያን ያህል ዝናብ በሚወርድበት ከተማ ክፈፍ የሌላቸው ጠፍጣፋ ጣራዎችም ነበሩ። በ2018 ነዋሪዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። ያ ሁሉ ገንዘብና ያ ሁሉ ስም ያላዳነውን የእናንተ የሴሚስተር ፕሮጀክት አያድነውም።

እኔም ንጹህ አይደለሁም። በአንድ ወቅት የጭቃ ጡብ ቤት ሠራን። ግድግዳው ቀዝቃዛ፣ ርካሽ፣ ቆንጆ። «ዝናብ እንዳይጎዳው» ብዬ በሲሚንቶ አስለሰንኩት። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ እምብዛም የማይናገረው ልጅ፣ «ጋሼ፣ ግድግዳው አይተነፍስም እኮ» አለኝ። አልሰማሁትም። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይወስዳል፣ መልሶ ይሰጣል። የሲሚንቶ ልስን ግን ይሰነጠቃል፤ ውሃው በስንጥቁ ይገባና መውጫ ያጣል። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ በእጅ ሲነካ እንደ ቅርፊት ተላቀቀ። ከኋላው ጡቡ ወደ ጭቃነቱ ተመልሶ ነበር። አውልቀን በአፈርና በኖራ ለመለሰን ብዙ ቅዳሜ ፈጀብን። የቤቱ እመቤት አንድም ቃል አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ስለዚህ አሁን በአንድ ቤት ከአንድ አዲስ ነገር በላይ አላስገባም። እሱም ቢከሽፍ ቤቱን ሳይነካ የሚነሳ መሆን አለበት። እውነቱን ለመናገር ዘላቂ ቤት አሰልቺ ነገር ነው። መስኮቶቹ ነፋስ እንዲያሳልፉ ፊት ለፊት መተያየታቸው። ክፈፉ ከግድግዳው 60 ሳንቲሜትር ወጣ ማለቱ። የጭቃ ወይም የጭድ ግድግዳ እግሩ ከመሬት 30 ሳንቲሜትር በድንጋይ መነሳቱ። ለእነዚህ ሽልማት የሚሰጥ የለም።

«ቤተሰቡ በጣም ደስ ብሏቸዋል»

ማን ነገራችሁ? ሁሉን ያጣ ሰው ቤት ልንሠራልህ ነው ሲባል «አይ፣ በሩ በዚያ በኩል ይሁን» አይልም። ያመሰግናል። ምስጋናን እንደ ፊርማ አትውሰዱት።

ከመጠየቅ ማየት ይሻላል። አሁን ባሉበት መጠለያ ግማሽ ቀን ተቀመጡ። ውሃ ማን ያመጣል? የት ያስቀምጠዋል? ሌሊት ማን ይነሳል? አያትየው ደረጃ ይወጣሉ? አንድ ጊዜ ሰፊና ብርሃን የሞላበት ክፍት ሳሎን ሠርተን አስረከብን። ከወር በኋላ ስሄድ መሃሉ ላይ ብርድ ልብስ ተንጠልጥሏል። ትልቋ ልጅ ልብስ የምትቀይርበት ቦታ አልነበራትም። አሥራ አንድ ተማሪ፣ ሁለት መምህር፣ እኔም ጭምር፤ ማናችንም አላሰብነውም።

ቤተሰብ ደግሞ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቺሊን 8.8 የተለካ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ መታት። ኮንስቲቱሲዮን የተባለችው ከተማ መልሳ ስትገነባ የአርክቴክት አሌሃንድሮ አራቬና ቢሮ በቪላ ቨርዴ ሰፈር የእያንዳንዱን ቤት ግማሽ ብቻ ጨርሶ አስረከበ። የጨረሰው ከባዱን ግማሽ ነው፤ መዋቅሩን፣ ጣራውን፣ ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያውን። የቀረውን ቤተሰቡ አቅሙ ሲፈቅድ ይሞላዋል። ለተማሪ ይሄን ፎቶ ሳሳይ የማስጠናው ባዶውን ጎን ነው። በእናንተ ቤትስ ቀጣዩ ክፍል በየት በኩል ይወጣል? የትኛው ግድግዳ እንደማይነካ ለቤተሰቡ ጽፋችሁ ስጡ። እናንተ ባትነግሯቸው አንድ ቀን በር ይከፍቱበታል።

«መሬቱ የእነሱ ነው፣ ችግር የለም»

ወረቀቱን እዩት። አደጋው ወረቀቱንም ወስዶት ከሆነ ሳይተካ መሠረት አትቆፍሩ። ጎርፍ የነበረበት ቦታ ከሆነ ደግሞ ውሃው የት ድረስ እንደደረሰ ጎረቤቶችን ጠይቁ፤ በእጃቸው ግድግዳው ላይ ያሳዩአችኋል። ወለሉ ከዚያ ምልክት በላይ ነው የሚሆነው።

«ነፃ ነው፣ እንውሰደው»

ሰባት መስኮት ተለገሰልን። ሰባት የተለያየ ልክ። እያንዳንዱን ቀዳዳ ለየብቻ ማስተካከል ነበረብን። ነፃ ዕቃ ንድፉ ከመሣሉ በፊት ከደረሰ ዕቃ ነው፤ ግድግዳው ከቆመ በኋላ ከደረሰ ሸክም ነው።

ከፍርስራሹ መልሶ መጠቀምም ጥሩ ነው፤ ሁለት ነገር ግን ተዉ። አሮጌ ግራጫ የሲሚንቶ ሉህ ጣራ አስቤስቶስ የሚባል ጎጂ ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። አትስበሩት፣ አትቁረጡት፣ ብናኙንም በደረቁ አትጥረጉት። ሳንባ ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ በሽታው የሚመጣው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ለሰለጠነ ሰው ተዉት። ሁለተኛው ጎርፍ የጠጣ እንጨት ነው። ላዩ ይደርቃል፣ ውስጡ ቶሎ አይደርቅም። የእርጥበት መለኪያው ከ20 በመቶ በላይ እያነበበ ከሸፈናችሁት ሻጋታውን ግድግዳ ውስጥ አሽጋችሁ ለልጆቻቸው ሰጣችኋቸው።

«ምስማሩ ይበቃዋል»

አይበቃም። ኃይለኛ ነፋስ ጣራን ወደ ላይ ይነቅላል። ጣራው ከግድግዳው፣ ግድግዳው ከመሠረቱ በብረት ማሰሪያ መያያዝ አለበት። አንዱ ጋ ከተዘለለ ሌሎቹ ጌጥ ናቸው።

መሬት በሚንቀጠቀጥበት አካባቢ ደግሞ የስታፋው፣ ማለትም ቋሚ ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚያቅፈው ብረት፣ ጫፍ በ135 ዲግሪ ታጥፎ ወደ ኮንክሪቱ ሆድ መግባት አለበት። በ90 ዲግሪ የታጠፈው ሲናጥ ይከፈታል፣ ቋሚው ፌሮም ይጎብጣል። ያቺ የመጨረሻ እጥፋት እጅ ስለምታደክም ሁሉም 90 ላይ ያቆማታል። እኔ ሙሌት ከመጀመሩ በፊት አንድ በአንድ እቆጥራለሁ።

«ጠቅጥቀው፣ ይገባል»

የሙቀት መከላከያ ጥጥ የሚሠራው በውስጡ በያዘው አየር ነው፤ ስትጠቀጥቁት አየሩን ታስወጡታላችሁ።

«እኔ ከፍታ አልፈራም»

ውረድ። መሰላሉ በየ4 ሜትር ቁመቱ እግሩ 1 ሜትር ከግድግዳው ይራቅ፣ ከዚያ ትወጣለህ።

«ሶላሩ ራሱን ይችላል»

ፓነሉ አዎ፣ ባትሪው አይችልም። የሊድ አሲድ ባትሪ በደንብ ከተያዘ ጥቂት ዓመት ይቆያል፤ በየቀኑ ከግማሽ በታች ካሟጠጡት ቶሎ ይሞታል። ተማሪዎቹ ሲያሰሉ ለአራት አምፖልና ለስልክ ነው። ቤተሰቡ ፍሪጅ ሰካ። መብራት ያለው ቤት ውስጥ ፍሪጅ መሰካት ምን ያስወቅሳል? ሥርዓቱን ስትመርጡ የሚቀጥለውን ባትሪ ማን እንደሚገዛ አብራችሁ ጻፉ። መልስ ካጣችሁ አነስ ያለ ሥርዓት ምረጡ።

«ቁልፍ ርክክቡ ቅዳሜ ነው»

እንግዳ ተጠርቷል፣ ሪባን ተገዝቷል። ስለዚህ የመጨረሻው ሳምንት በሙሉ ለቀለም ይውላል። አሸንዳው ሳይገጠም በሩ ቀለም ይቀባል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው፤ እርጥብ ልስን ላይ የተቀባ ቀለም እየተላጠ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ ሪባኑ ገና ቆሻሻ ላይ ሳይጣል።

ከርክክቡ ቢያንስ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ እያንዳንዱን መስኮት በጎማ ውሃ ምቱት። 15 ደቂቃ ከውጭ፣ ከውስጥ ደግሞ የእጅ ባትሪ የያዘ ሰው። ከገባ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ የላይኛው ቆርቆሮ ከታችኛው ሥር መግባቱ ነው። ሁሌም የላይኛው በታችኛው ላይ ይደረባል። አራተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ይሄን ሲያገላብጥ ሳይ ይገርመኛል፤ የቤቱ እመቤት ግን አይታ ታውቀዋለች።

ከዚያ ክረምቱ ሲያልቅ ተመለሱ። በዓል አታድርጉት፤ ሁለት ሰው ይበቃል። እኔ መሰላል፣ የእጅ ባትሪና ካቻቢቴ እይዛለሁ። በካቻቢቴው ከመሬት ጋር የሚነካካውን እንጨት ሁሉ እወጋለሁ፤ በቀላሉ ከገባ መበስበስ ጀምሯል። አሸንዳውን እጠርጋለሁ። የመሠረቱን ዙሪያ እዞራለሁ፣ ውሃ የቆመበት ካለ እቆፍራለሁ።

ስለ ፍሳሽ አባትየውን አልጠይቅም፤ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። «ሁሉም ደህና ነው፣ እግዜር ይስጥልን» ይሉኛል። ትንሹን ልጅ ነው የምፈልገው። እጄን ይዞ ይጎትተኝና ከቁምሳጥኑ ጀርባ፣ ማንም ያላየው ጥግ ላይ፣ ሳህን የተቀመጠበትን ቦታ ያሳየኛል።