ሾፌሩ በርዎ ድረስ እንዲመጣ፦ ሎኬሽን አላላክና የካርታ እርማት

«ከፋርማሲው ጀርባ በኮብልስቶኑ ገባ ብለህ ሰማያዊው በር» የሚለው አቅጣጫ አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ይሠራል፤ ባይቀር ደግሞ ደግ ነው። ሾፌሩ ስልኩን እያየ የሚመጣ ከሆነ ግን የላኩለት ነጥብ ልክ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ከቤት ይውጡ። ሰማይ በሚታይበት ገላጣ ቦታ ስልክ ያለበትን ቦታ በ5 ሜትር ገደማ ልዩነት ያውቃል። በፎቆች መካከል ግን የሳተላይቱ ምልክት ከግድግዳ ወደ ግድግዳ እየነጠረ ስለሚደርስ ነጥቡ ጎረቤት ግቢ ሊገባ ይችላል። ሰማያዊዋን ነጥብ የከበበው ፈዛዛ ክብ እስኪጠብ ታግሠው ይላኩ።

የቦታውን መለያ ቁጥሮች (ኬክሮስና ኬንትሮስ) ጽፈው የሚልኩ ከሆነ ከአስርዮሽ ነጥቡ በኋላ አምስት አኃዝ ይጻፉ፤ አምስተኛው አኃዝ የሚለካው 1 ሜትር ገደማ ሲሆን ሦስተኛው ግን 110 ሜትር ያህል ነው። ኬክሮስ ይቀድማል፣ ኬንትሮስ ይከተላል። መስቀል አደባባይ 9.01፣ 38.76 አካባቢ ነው፤ ቁጥሮቹን ካገላበጧቸው ከሰርዲኒያ ደሴት በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይገኛሉ። እስከዚያ የሚሄድ ታክሲ የለም።

እየተንቀሳቀሱ ከሆነ በቴሌግራም የቀጥታ መገኛን ለ15 ደቂቃ ወይም ለ1 ሰዓት ያጋሩ። የ8 ሰዓቱን ለቤተሰብ ይተዉት። በቡድን ውስጥ ከላኩት ደግሞ አባላቱ ሁሉ እንደሚከታተሉዎት አይርሱ።

ነጥቡ ልክ ሆኖ ሾፌሩ በሌለ መንገድ ከመጣ ጥፋቱ የካርታው ነው። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ይህ የተለመደ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረውን ኦፕንስትሪትማፕ የተባለውን የኢንተርኔት ካርታ ማንም ሰው ማረም ይችላል፦ አካውንት ይክፈቱ፣ ሰፈርዎን አቅርበው ይዩ፣ የማረሚያውን ቁልፍ ይጫኑና መንገዱን ያስተካክሉ። ብዙ ሰው የሚስተው መገናኛውን ነው። መስመሩ ዋናውን መንገድ የነካ ቢመስልም ጫፉ በጋራ ነጥብ ካልተያያዘ አቅጣጫ ጠቋሚው መተላለፊያ የለም ብሎ ሾፌሩን ሰፈሩን ሁሉ ያዞረዋል። ደረጃ ያለውን መተላለፊያ የመኪና መንገድ አድርገው አይመዝግቡ፤ ባለ አንድ አቅጣጫውንም አቅጣጫውን ይጠቁሙ። ከሌላ ድርጅት ካርታ አይቅዱ፣ የቅጂ መብት አለበት። ይሠራል የተባለውን ሳይሆን ተሠርቶ ያዩትን ብቻ ያስገቡ።

እርማቱ ድረ ገጹ ላይ ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። ያለ ኢንተርኔት በሚሠሩ የስልክ ካርታዎች ላይ የሚመጣው ግን አዲሱ ካርታ ሲወርድ ነው።